ለጌታው የታዘዘ፣ ለአጫጁ የተሰጠ

አንድ ቀን ግራዝማች ዘገየ የሚባሉ ባለመሬት ሆዳቸው እየገፋ፣ ትንፋሻቸው እያጠረ አላስኬድ ቢላቸው በበቅሎ ከተማ ወርደው ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። ሐኪሙ ልባቸውን አዳምጦ፣ ሆዳቸውን ጫን ጫን አድርጎ፣ «ጌታዬ፣ ጮማና ቅቤ ይቀንሱ። ቀስ ብለው ያኝኩ፣ ሲጠግቡ ያቁሙ። ለአንድ ሰሞን ብቻ ሳይሆን ለዕድሜ ልክዎ ልማድ ያድርጉት» ብሎ መከራቸው። ደግ ምክር ነበር። ግራዝማችም ምክሩን በደስታ ተቀበሉ፤ ተቀብለውም እንዳለ ለሌላ ሰው ሰጡት። ከጮማቸው ቁራጭ ቆርሰው ሰጥተው የማያውቁ ሰው ምክር ላይ ሲደርሱ ቸርነቱ ከየት እንደመጣባቸው እንጃ።

ከከተማ በተመለሱ በሳምንቱ የጤፍ አጨዳ ደረሰና ደቦ ጠሩ። የደቦ ወጉ የታወቀ ነው፤ ጎረቤት ያለ ዋጋ ጉልበቱን ይሰጣል፣ ባለማሳው ደግሞ የመጣውን ሰው አጥግቦ ያበላል። ከመጡት አሥራ ሁለት አጫጆች አንዱ ልንገረው የሚባል ሰው ነበር። ልንገረው የግራዝማችን መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነው፤ ክፉ ቃል ካፉ ያመለጠው እንደሆነ በማግስቱ ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ምላሱ የተሳለ ቢሆንም ግራዝማች ፊት ሲደርስ ዋጥ ያደርጋታል።

ጎህ ሲቀድ የጀመሩት አጨዳ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጋብ አለና ምሳ ቀረበ። ያ ምሳ ከተባለ! ለአራት ሰው አንድ እንጀራ፣ ላዩ ላይ በጣት የተቀባ የሚመስል ሽሮ። ልንገረው ሁለት ጊዜ ጎርሶ ለሦስተኛው እጁን ቢሰድ የገበታውን እንጨት ዳሰሰ። ቀና ሲል ግራዝማች ከእልፍኛቸው ብቅ አሉ፤ የበሉት የዶሮ ወጥ ቅቤ ገና ጺማቸው ላይ ያብረቀርቃል።

«እየበላችሁ ነው ልጆቼ?»

«ጨርሰናል ጌታዬ» አለ ልንገረው።

«አያችሁ፣ ጥፋታችሁ እዚህ ላይ ነው! ትጣደፋላችሁ። አንዷን ጉርሻ አርባ ጊዜ ማኘክ ነው። ሆድ ደግሞ ግማሹ ባዶ ሲሆን ነው ጤና። ይህን የነገረኝ የተማረ ሐኪም ነው። የድሃ በሽታ ሁሉ የሚመጣው ከጥጋብ ነው!»

አጫጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከጥጋብ! ጥጋብን ከፋሲካ እስከ ፋሲካ አንዴ ለሚያያት ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ልንገረው አንጀቱ አረረ፤ ግን የልጆቹ ነገር ትዝ አለውና ድምፁን አለሳለሰ።

«እርስዎስ ጌታዬ፣ ጀመሩት?»

«እኔማ ቀስ እያልሁ ነው። ልማድ እኮ በአንድ ጊዜ አይለወጥም» አሉ ግራዝማች፣ ጺማቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ።

ደቦ ጥሎ መሄድ ነውር ነውና አጫጆቹ በዚያው ሆዳቸው ወደ ማሳው ተመለሱ። ልንገረው ወገቡ እየተቆረጠ፣ ዐይኑ ጭልም እያለበት ነዶውን ከመረ። የሚናገርበትን ሰዓት ግን ያውቃል። ሥራው ሲያልቅ ምርቃት አለ፤ በምርቃት ጊዜ ድሃው ይናገራል፣ ባለጸጋው እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። ያን ሰዓት አፍህን ዝጋ የሚለው የለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግራዝማች ባርኔጣቸውን አውልቀው ከክምሩ ሥር ቆሙ። ምርቃት ይወዱ ነበር፤ ወጪ የለውም።

«ልንገረው፣ አንተ መርቅ። አፍህ ይጥማል» አሉና መዳፋቸውን ዘርግተው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«ክምርዎን ከእሳትና ከነፋስ ይጠብቅልዎ!»

«አሜን!»

«ዕድሜና ጤና ይስጥልን!»

«አሜን!»

«ጠላትዎን ከደጅዎ ያርቅልዎ!»

«አሜን! አሜን!»

«ጎተራዎን...» አለና ልንገረው ትንፋሽ ወሰደ፤ «ጎተራዎን እንደ ዛሬው ሆዳችን ያድርግልዎ!»

«አሜን!» አሉ ግራዝማች፣ ከሁሉ ቀድመው፣ ከሁሉ ጮኸው።

ካፋቸው ከወጣ በኋላ ነው ነገሩ የገባቸው። ዐይናቸውን ሲገልጡ አጫጆቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ ማጭዳቸውን የሚፈልጉ መስለው ጎንበስ ብለዋል።

«አንተ! ይህ እርግማን እንጂ ምርቃት ነው?»

«ምነው ጌታዬ? ግማሹ ባዶ ሲሆን ነው ጤና ያሉን እርስዎ ነዎት። ለእኛ ጤና የሆነ ነገር ለጎተራዎ በሽታ ይሆናል?»

ግራዝማች ምን ይበሉ? እንዳያባርሩት፣ የመረቃቸውን ሰው አባረሩ ሊባል ነው። ቃሉ አልያዘም እንዳይሉ፣ አሜን ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ አሥራ ሁለት አጫጅ ሰምቷል። እህላቸውን ለእርግማን አሳልፎ ለመስጠት ደግሞ ልባቸው አይጨክንም።

«መልሰው! ሌላ መርቅ!»

«ካፍ የወጣ ምርቃት አይመለስም ጌታዬ። ግን እንደ ሆዳችን ነው ያልሁት፤ ሆዳችን ሲሞላ ጎተራውም መሙላቱ አይቀርም።»

ግራዝማች ወደ ቤት ዞረው ጮኹ፤ «ትርንጎ! አንቺ ትርንጎ! ያን ዶሮ አውጪው! እንጀራውን ከነመሶቡ! ጠላውንም!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ ግራ እየተጋቡ ሁሉንም አቀረቡ። አጫጆቹ ከበው በሉ። ግራዝማች በቆሙበት አንዱን ሲያጎርሱ፣ ለሌላው ሲቀዱ፣ የየአንዳንዱን ሆድ በዐይናቸው ሲለኩ ላብ አጠመቃቸው። ልንገረው ሳይጣደፍ፣ እያጣጣመ በላና ሲበቃው እጁን ሰበሰበ።

«ብላ እንጂ! ምን ነካህ!» አሉ ግራዝማች፣ እጃቸውን የሞላ ጉርሻ ይዘው ላዩ ላይ እንደቆሙ።

«በቃኝ ጌታዬ።»

«አንድ ጨምር! ጎተራው ሞልቶ ይትረፍረፍ እንጂ!»

ልንገረው እጁን ሊታጠብ ብድግ አለ።

«እኔስ ጠገብሁ ጌታዬ፤ እርስዎ ግን መቼ ይጠግቡ ይሆን?»