አንገተ ሰባራው ጋንና የደምለው ዱባ

ሰው የገዛ ቤቱን ጣጣ በጎረቤቱ ሲያላክክ፣ በእኛ በኩል ሽማግሌዎች አንዲት አጭር ተረት ጣል ያደርጉበታል። የተተረተበት ሰው ይስቃል ወይ ይኮሳተራል እንጂ ተረቷ ከየት እንደመጣች አይጠይቅም። ቢጠይቅ አይከፋም ነበር፤ ተረቷ የወጣችው ከአንድ ጓሮ ነው። ጓሮው ደግሞ የደምለው ነው።

ደምለው ደህና ገበሬ ነበር፤ ሰነፍ ነው ያለው ሰው የለም። ጉድለቱ ቡሬ የሚባል አንድ በሬ ብቻ ያለው መሆኑ ነው። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። አጥር ለአጥር የምትጎራበተው አንጓች፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ እሷም ዳልቻ የሚባል አንድ በሬ ነበራት። ሁለቱን በሬ አቀናጅተው፣ መጀመሪያ የሷን መሬት፣ ቀጥሎ የራሱን፣ ደምለው እያረሰ ሰባት ዓመት ኖሩ። በዚህ ሁሉ ዓመት ክፉ ቃል አልተለዋወጡም። መቀናጆ ከባልና ሚስት በላይ ያስተሳስራል፤ ባልና ሚስት ቢኳረፉ እርሻ አይቆምም።

በዚያ ዓመት ታዲያ ደምለው ከፍጉ ክምር አጠገብ የተከለው ዱባ ጉድ አፈላ። ሐረጉ ጓሮውን አዳርሶ አጥሩ ላይ ወጣ። ሐምሌ ላይ አራት ፍሬ ያዘ። ደምለው ነገሩን ያውቅበታልና ሦስቱን በለጋነታቸው ቀጥፎ ለሚስቱ ለጠጄ ሰጣት፤ ሐረጉ ያለውን ሁሉ ለአንዱ እንዲሰጥ ብሎ ነው። ሰጠውም። ነሐሴ ሲገባ ዱባው የበግ ግልገል አከለ። ደምለው በየማለዳው ወገቡን በገመድ ይለካል፣ በደረሰበት ላይ ቋጠሮ ያስራል፤ ቋጠሮው በየሁለት ቀኑ ጣት ጣት ያህል ይርቃል።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን አፍ የሚባል ነገር አለ። የመጪው ጽጌ የመጀመሪያው የማኅበር ተራ የደምለው ነበርና፣ «ማኅበርተኛውን ከነእንግዳው ከአንድ ዱባ ወጥ አበላለሁ! ካነሰ ስሜን ለውጡት!» ብሎ በሰው ፊት ፎከረ። ማኅበርተኛው ሳቀ፤ ነገሩን ግን ያዘ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንጓች እሳት ልትጭር መጣች። ደምለው ዱባውን ሳያሳይ ማንንም አይሸኝምና ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ አሳያት።

«ኧረ በስመ አብ! ይሄ ዱባ ነው ነጋሪት?» አለች።

ደምለው ቀጥላ «ከዓይን ያውጣው» ትላለች ብሎ ጠበቀ። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ ያደነቀ ይመርቃል። አንጓችም ሳትል የምትቀር ሴት አልነበረችም። ነገር ግን በዚያችው ቅጽበት ከወዲያ ማዶ ላሟ ጮኸች፤ «ውይ! ጥጃዋ ተፈትታ ጠባችብኝ!» ብላ እሳቱንም ትታ እየሮጠች ሄደች። ያልተባለችው ቃል ደምለው ሆድ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

«ሰማሽ ጠጄ? ከዓይን ያውጣው አላለችም እኮ!»

«ጥጃዋ ጠብታባት ነዋ! አንተ ደሞ።»

«ቢሆንስ? አንዲት ቃል እስክትናገር ጥጃ ስንት ይጠባል?»

ያን ዕለት ከጓዳ ጥግ ወድቆ የኖረውን፣ አንገቱ የተሰበረ ጋን ተሸክሞ አወጣና ዱባው ላይ ገልብጦ ደፋበት። ጋኑ ሰፊ ስለሆነ ዱባው ውስጡ ገብቶ ዙሪያውን ቦታ ተረፈው። ደምለው እጁን አራገፈ። «እንግዲህ ዓይን ካለ ጋኑን ይብላ» አለ።

«ሐረጉስ?» አለች ጠጄ።

«ሐረግ ምን ይሆናል? ገመድ ማለት ነው።»

ጠጄ አንዴ ተናግራ ካልተሰማች አትደግምም፤ ጠባይዋ ነው።

ሳምንት አልሞላም፣ ቋጠሮው ቆመ። ደምለው መጀመሪያ ገመዱን ጠረጠረና ሌላ ገመድ አመጣ። ያው ነው። ውሃ አንሶት ነው እንዳይል ዝናቡ እየወረደ ነው። ፍልፈል ነው ብሎ በሥሩ ዙሪያ ቆፈረ፤ የፍልፈል ዘር የለም። ፍጉ አልበቃው ይሆናል ብሎ ሁለት ቅርጫት ጨመረለት፣ አመድም ነሰነሰ። በየማለዳው ጋኑን ያነሣል፣ ይለካል፣ መልሶ ዱብ ያደርገዋል። ወዲያኛው የሐረጉ ጫፍ ቢጫ እያለ መጣ። ያላየው፣ ያልነካካው ነገር አልነበረም፤ ጋኑን ሲያነሣ ግን ዓይኑ ከገመዱ አይነቀልም።

እንቁጣጣሽ እንዳለፈ አጥሩን ተሻግሮ ሄደ።

«እቴ አንጓች፣ አትቀየሚኝና... ዱባዬን መጥተሽ እንትፍ እንትፍ በይልኝ።»

አንጓች የሚቀልድ መሰላት። እንደማይቀልድ ባየች ጊዜ ፊቷ ዳመነ፤ ከፍቷታል። ቢሆንም የሰባት ዓመት ጉርብትና ቀላል አይደለም፤ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች፣ «እንትፍ! እንትፍ! እደግ ተመንደግ!» አለችና ምንም ሳትጨምር ተመለሰች። ደምለው ሦስት ቀን ጠብቆ ለካ። ያችው ቋጠሮ ናት።

በአራተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ማኅበርተኛው ከበበው። «እህሳ ደምለው! ለዱባው ድስት ከአገረ ገዥው ቤት እንዋስ እንዴ?» ብለው ሳቁበት። ሐፍረቱ አናቱ ላይ ወጣ።

«ምን ዱባ አለ! የአንጓች ዓይን በልቶት!»

ሲናገረው እሱም ደነገጠ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ ሳቁም ቆሟል።

በማግስቱ አንጓች ክርስትና ተጠርታ ሄደች። ገና ከደጅ ስትገባ እናትየው የሕፃኑን ፊት በነጠላዋ ሸፈነችው። አንዲት ቃል የተናገረ የለም፤ እንጀራም ጠላም በወጉ ቀረበላት። አንጓች ግን አልቀመሰችም። እንዲያ ያለ ነገር በዕድሜዋ ደርሶባት አያውቅም፤ ቤቷ ገብታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

የሽምብራው እርሻ ሲደርስ ደምለው ቀንበሩን ተሸክሞ ዳልቻን ሊወስድ መጣ። አንጓች በረቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ደምለው፣ ዓይኔ ጋን በስቶ ገብቶ ዱባ የሚበላ ከሆነ፣ ቡሬህን ሰባት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ሳየው እንዴት ተረፈ?»

ደምለው ቀንበሩን ከትከሻው አወረደ።

«እንግዲያው በሬህን ከዓይኔ አርቅ። ዳልቻም ከእንግዲህ ያንተን ቀንበር አይሸከምም።»

ሽምብራ የሚዘራው ጥቁሩ አፈር እርጥበቱን ሳይጨርስ ነው፤ ጥቂት ቀን ካለፈው ዘሩን መበተን ለወፍ መቀለብ ነው። ደምለው በየቤቱ እየዞረ በሬ ለመነ። ሁሉም በራሱ እርሻ ተይዟል፤ ያልተያዘውም «ከአንጓች ጋራ ታረቅ» ብሎ ይሸኘዋል። መሬቱ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። የአንጓችም እንደዚያው ጦሙን አደረ። ደምለው አሁን ፈራ። ዱባውን ረሳው፤ ሽምብራው ከቀረ የሚመጣውን ክረምት ልጆቹን የሚያወጣበት እህል የለውም።

በመጨረሻ ጠጄ ሄዳ አባ ገረመውን ጠራች። አባ ገረመው በሰፈሩ ጠብ ሲበርድም ሲጋጋልም የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡና ከመቀመጣቸው በፊት፣ «ተበላ የተባለውን መጀመሪያ አሳዩኝ» አሉ።

ወደ ጓሮ ወሰዷቸው። ደምለው ጋኑን አነሣ።

«አሁን እንደወትሮህ መልሰው።»

ዱብ አደረገው።

«አንሣው።»

አነሣው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በሌባ ጣታቸው ሐረጉን ከሥሩ ጀምረው እየዳሰሱ ሄዱና ከዱባው አንድ ስንዝር ሲቀራቸው ቆሙ። የጋኑ ሸራፋ ጠርዝ በሚያርፍበት ቦታ ሐረጉ ተጨፍልቆ፣ እስከ ግማሹ ተቆርጦ፣ ጠቁሯል።

«ደምለው፣ ጣትህን እዚህ አኑር። ጠጄ፣ አንቺ ጋኑን መልሽው።»

ጠጄ መለሰችው። ቀስ አላለችም።

«ወይኔ ጣቴን! ኧረ አንሺው!»

«አየህ፣ አንተ አንዴ ቢያርፍብህ ጮኽክ» አሉ አባ ገረመው። «ይሄ ወር ሙሉ በየማለዳው እዚችው ላይ ሲወርድበት ከረመ። አፍ የለውም፣ ምን ይበል? ማደጉን ተወ። ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲባል አልሰማህም? አንዲት ጠጠር ከሥሩ ብታደርግ ምን ነበረበት?»

ደምለው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ መሬቱማ ሳይታረስ ቀርቶ ተሰንጥቋል። የተጨፈለቀውን ሐረግ ሲያይ ሕፃኑ ላይ የተጋረደው ነጠላ ትዝ አለው፤ ወሬውን ሰምቶ ነበር። «ድንጋይ ተሸክሜ አንጓች እግር ላይ እወድቃለሁ» አለ።

«ድንጋይ ምን አጠፋ? ጋኑን ተሸከም።»

ተሸከመ። የጋኑ ጠርዝ ማጅራቱን እየቆረጠው አንጓች ደጅ ደረሰና ተንበረከከ።

«ስለ እግዚአብሔር ማሪኝ።»

«ምን አድርገኸኝ?»

«ስምሽን አጥፍቼ።»

«የት ነው ያጠፋኸው?»

«ቤተ ክርስቲያን ደጅ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትፈልጋለህ? እዚያ የሰፋው ጉሮሮህ እዚህ ለምን ጠበበ? ያጠፋህበት ሂድና አብጀው።»

ሁለት ቀን መጠበቅ ነበረበት። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ደምለው ያንኑ ጋን ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ፤ የሚወጣው ሕዝብ ሁሉ እያየው፣ «አንጓች ንጹሕ ናት። ዱባዬን ያጠፋሁት እኔው ነኝ፣ በዚህ ጋን» አለ። አንጓች ከሴቶቹ መካከል ወጣች፣ ጋኑን በእጇ ደግፋ ካንገቱ አወረደችለትና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ዳልቻና ቡሬ ተጠመዱ። ዘሩ ዘግይቷልና የሁለቱም ሽምብራ ግማሹ ቀረ፤ ግማሹ ግን በቀለ።

የጽጌው ተራ ደረሰ። ጠጄ ያንን ዱባ ከትፋ ወጥ ሠራችው፤ አልበቃ ብሎ ሽሮ ጨመረች። የደምለውን ስም ለመለወጥ የቃጣው ሰው አልነበረም። አንጓች ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ያች ነጠላ የጋረደችው እናት ገባችና ዙሪያውን ካየች በኋላ ሕፃኑን አምጥታ አንጓች ጭን ላይ አስቀመጠችው። አንጓች እስክትጠግብ አየችው። «ሲያምር! ከዓይን ያውጣው!» አለች ጮክ ብላ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ፣ ደምለውም አቀርቅሮ ሳቀ።

የጋኑ ወሬ ያልደረሰው ከሌላ ደብር የመጣ እንግዳ ግን ሳህኑን ቢያገላብጥ ከዱባው ሽሮው በለጠበትና፣ «እኔ የሰማሁት ማኅበሩን ሁሉ ስለሚያጠግብ ዱባ ነበር፤ ምን አገኘው?» ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ወደ ደምለው ዞረ፤ ደምለውም ወደ ሚስቱ። ጠጄ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀና አለችና፣ እንደ ልማዷ አንዴ ብቻ፣ እንዲህ አለች፦ «ያነቀው ጋኑ፣ የታማው ዓይኑ!»