ምድር ላይ የቀረው ምስር

አንድ ሰው በመስታወት ቤት ውስጥ ምስር ያጠጣ ነበር። አሥራ ሁለት የአበባ ማሰሮ። ሌላ አሥራ ሁለት ማሰሮ፣ ያው ዘር፣ ያው አፈር፣ ከምድር በላይ በመንኮራኩር ውስጥ ነበረ። የላዩን የምትንከባከበው ትርሲት ደባልቄ የምትባል ጠፈርተኛ ነበረች።

የሥራው ሕግ አንድ ነው፤ እሷ እላይ ያደረገችውን እሱ እታች ያደርጋል። ስታጠጣ ያጠጣል። ረስታ ያስጠማቻቸው ዕለት እሱም ውሃው እያለ ያስጠማቸዋል። አለዚያ ሁለቱን ማነጻጸር አይቻልም፤ ጠፈር ተክልን ምን እንደሚያደርገው አይታወቅም።

በራዲዮ ይቀላለዱ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ የኔ ምስር ያንተን ጥሎት ሄደ!»

«ውሃ እየሰረቅሽ ነዋ!»

«እስቲ መጥተህ ያዘኛ!»

ወደ ምድር የምትመለስበት ቀን ደረሰ። «አጠጥቻቸዋለሁ፤ አንተም አጠጣ» አለችው። እሱ ግን ስመለስ አጠጣለሁ ብሎ፣ ስታርፍ ለማየት ወጣ።

አላረፈችም። መንኮራኩሩ ወደ አየር ሲገባ ተቃጠለ። እሷም ምስሩም አልተመለሱም።

አለቃው «ከምን ጋር ልታነጻጽረው ነው? ጣለው» አለው። ሰውየው አልጣለም። አላጠጣምም። የላዩ ተቃጥሏል፤ ታች ምን ይደረጋል? ማጠጫው ባዶውን ተቀመጠ።

ከሣልስቱ በኋላ አባቷ አቶ ደባልቄ ልጃቸው የሠራችበትን ቦታ ለማየት መጡ።

«ይሄ ለምን ጠወለገ?»

«አባባ፣ የላዩ ከሌለ የታቹ ምንም አይነግረንም እኮ።»

ሽማግሌው አንዱን ቅጠል በጣታቸው ቀና አደረጉት። ተመልሶ ወደቀ።

«መጨረሻ ላይ ምን አለችህ?»

«አጠጣ አለችኝ።»

«አጠጣህ?»

ሰውየው ወደ ባዶው ማጠጫ አየ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ልጄ? ደግማ አትነግርህም።»

አጠጣ። ተጽናንቶ አይደለም። እጁ ከብዶት፣ ማሰሮዎቹን እያየ ማየት እያስጠላው አጠጣ። በማግስቱም አጠጣ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ከባልሽ ጋር የጀመርሽው ቤት አለ። ከወንድምህ ጋር የያዝከው ጸሎት አለ። ያ ሰው ሄደ። «አብረን ነበር የምናደርገው፤ አሁን ለማን ብዬ?» ትላላችሁ። እውነት ነው። የላዩ ማሰሮ አይመለስም፤ ይመለሳል ብዬ አልዋሻችሁም። ግን እጃችሁ ላይ የቀረው አይጠማም? የተሰጣችሁ ቃልስ ተሽሯል?

ደክሞናል ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፤ እኔም ደክሞኛል። ግን እግዚአብሔር መቼ ነው ሳይደክማችሁ አጠጡ ያለው? ከደከመ እጅ የሚወርድ ውሃም እስከ ሥሩ ይደርሳል። ብቻ ዛሬ ተነሡ። ነገ ስበረታ አትበሉ። ሰውየውም ስመለስ ብሎ ነበር።

ምስሩ ለምርምሩ አልጠቀመም። ሦስቱ ማሰሮ በነዚያ ቀናት እንደደረቀ ቀረ። ዘጠኙ አፈራ።