የሰገነት ሰዎች ንፋስ ማቀበል

ሰገነት በምትባለው፣ ከምድር እጅግ ርቃ በምትገኘው የጠፈር ጣቢያ፣ እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ ገና እንደምን ዋላችሁ ሳይል ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የጨርቅ ማራገቢያ አንሥቶ የእንግዳውን ፊት ሦስት ጊዜ ያራግባል፤ ሰላምታው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ልማድ ንፋስ ማቀበል ይሉታል። ለራስ ማራገብ ግን በሰገነት ነውር ነው፤ ሙቀት የጠናበት ሰው ማራገቢያውን አጠገቡ ላለው ይሰጣል እንጂ ወደ ገዛ ፊቱ አይመልሰውም። ከሌላ ጣቢያ የሚመጡ መንገደኞች ነገሩ ሲያስቃቸው አዛውንቶቹ አይቀየሙም፤ ቁጭ አድርገው የዘጠኙን ቀን ነገር ያወሩላቸዋል።

እንደሚነገረው፣ ይህ የሆነው የሁለቱ ፀሐዮች ጦርነት በተፋፋመበት ዘመን ነው። በሁለቱ ፀሐዮች ዙሪያ የሰፈሩት ሰዎች በምን እንደተጣሉ ዛሬ አጥርቶ የሚናገር የለም፤ ሰገነት ግን በመካከላቸው ነበረች። በዚያን ጊዜ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ይኖሩባት ነበር። እንደ ዛሬው ስለማትሽከረከር ክብደት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው ግድግዳ እየያዘ ይንሳፈፋል፣ ሲተኛም ራሱን በማሰሪያ ከግድግዳ ጋር ያስራል። አየሩን የሚያንቀሳቅሱት በየጣሪያው የተተከሉ ትልልቅ ማራገቢያዎች ነበሩ። ድምፃቸው ስለማያቋርጥ፣ ከምድር የመጡት የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ መስሏቸው «ዝናቡ» ብለው ጠሩት፤ ልጆችም በዝናቡ ተኝተው በዝናቡ ይነቁ ነበር። ጣቢያዋ መሽከርከር ከጀመረች ወዲህ እነዚያ ማራገቢያዎች ስለቀሩ፣ ያን ድምፅ የሚያስታውሱት አሁን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ስለ እሱ ሲያወሩ የራሳቸው ድምፅ ዝቅ ይላል።

አንድ ቀን የጠላት መርከቦች ወደዚያ እየመጡ መሆኑ ተሰማ። መርከቦቹ ጣቢያን ፈልገው የሚያገኙት ማሽኖች በሚያወጡት ሙቀትና ጩኸታቸው በግድግዳው ላይ በሚፈጥረው፣ ከሩቅ በብርሃን በሚነበብ ንዝረት ስለነበር፣ የጣቢያዋ አዛዥ ሻለቃ ወንድይራድ ማንኛውም ማሽን እንዲጠፋ አዘዙ። ማራገቢያዎቹን የምትጠብቀው መካኒክ ውባለም የምትባል ዝምተኛ ሴት ነበረች። አዛዡ ዘንድ ሄዳ፣ በጣቢያዋ ያለው አየር ለአሥር ቀን እንደሚበቃ፣ ነገር ግን ካልተንቀሳቀሰ የሰው ትንፋሽ ርቆ እንደማይሄድ፣ ፊቱ ላይ እየተከማቸ የተኛውን ሰው አፍኖ እንደሚገድለው አስረዳች። ሻለቃውም ማራገቢያዎቹ ከዞሩ ሁሉም ሰው እንደሚሞት ነገሯት። ውባለም ዙሪያዋን ቃኘች ይባላል። ከዚያም እዚያው ከነበረ የምግብ ሣጥን ላይ ክዳኑን ገንጥላ በሻለቃው ፊት አወዛወዘችው።

«ይሄ አይጮህም» አለች።

ዝናቡ በዚያው ቀን ቆመ። ሰዉ ሁለት ሁለት ሆነና አንዱ ሲተኛ ሌላው በሣጥን ክዳን ያራግብለት ጀመር፤ በየአራት ሰዓቱም ይቀያየራሉ። መብራት ስለጠፋና ጮክ ብሎ ማውራት ስለተከለከለ፣ ከዚያ በፊት በዝናቡ ተሸፍኖ የኖረው ሁሉ ይሰማ ጀመር፤ ማን በእንቅልፉ እንደሚስቅ፣ ማን የሞተች እናቱን እንደሚጠራ። አዛውንቶቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ ፍርሃቱን አያነሡም። ያንዳችንን ትንፋሽ ከሌላው ለይተን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው ይላሉ፤ ያ ቀን ተመልሶ ይምጣ የማይሉት ስለሚያፍሩ ብቻ ይመስላል።

ሁለት ሰዎች ግን ጥንድ አልነበራቸውም። አንዷ ራሷ ውባለም ነበረች፤ ከክፍል ክፍል እየዞረች የደከማቸውን ስትተካ ለራሷ ሰው አልያዘችም። ሌላው ልብስ ሰፊው አቶ ምትኩ ነበሩ። የአቶ ምትኩ አንድያ ልጅ ትርንጎ ከአራት ዓመት በፊት በስንቅ መርከብ ስትጓዝ የመርከቧ አየር በመንገድ ላይ ተቋርጦ ሞታለች። ያችን መርከብ ከመነሣቷ በፊት የፈተሸቻት ውባለም ነበረች። ጥፋት ይኑርባት አይኑርባት ማንም አላረጋገጠም፤ አቶ ምትኩ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አላነጋገሯትም፤ ቆይቶም ከሰው ሁሉ ተለይተው በራቸውን ዘጉ። አሁንም እንቅልፍ ሲጥላቸው ጥቂት እያሸለቡ፣ ሲታፈኑ እየባነኑ ብቻቸውን ተቀመጡ። ውባለም በየዙሩ በራቸውን ታንኳኳለች፤ እሳቸው አይከፍቱም።

በአምስተኛው ቀን ውባለም እዚያው በር ላይ ስትደርስ፣ ሳታንኳኳ እንቅልፍ አሸነፋት። ክዳኑ ከእጇ አምልጦ ሲንሳፈፍ በሩን ነካ ነካ አደረገው። አቶ ምትኩ የሰው እጅ አለመሆኑን ሰምተው ከፈቱ። በእጅ ባትሪያቸው ቢያዩ ፊቷ በላብ ወርዝቷል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ያን ጊዜ ምን እንዳሰቡ ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ በሩን መልሰው ዘግተው እንደገና ከፈቱት የሚሉም አሉ። የሆነው ሆኖ ክዳኑን ከአየር ላይ ያዙ፣ እሷን በራሳቸው ማሰሪያ ከመቃኑ ጋር አሰሯት፣ ማራገብም ጀመሩ። ስድስት ሰዓት ሙሉ አራገቡ። የሚያልፉ ሰዎች እንተካዎት ቢሏቸውም እሺ አላሉም።

ውባለም ስትነቃ ማን እንደሚያራግብላት አየች። መጀመሪያ የተናገረችውም አራት ዓመት በሆዷ የያዘችውን ነው።

«አቶ ምትኩ፣ የትርንጎን መርከብ ሁለት ጊዜ ፈትሻታለሁ። ሦስተኛ ማየት ነበረብኝ።»

አቶ ምትኩ እጃቸውን ሳያቋርጡ ብዙ አራገቡ። በመጨረሻ ክዳኑን ዘረጉላት።

«እጄ ዛለ። ተራው ያንቺ ነው» አሏት።

ማሰሪያውንም ፈትተው በራሳቸው ወገብ ላይ አዞሩና ፊታቸውን ወደ እሷ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጃቸው ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝተው አያውቁም ይባላል።

በዘጠነኛው ቀን የጠላት መርከቦች ጣቢያዋን ሳያዩ አለፉ። የጣሪያው ማራገቢያዎች ዳግም መዞር ሲጀምሩ ሰዉ አለቀሰ፤ ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ አንድም አልጎደለም ነበር። አቶ ምትኩም ከትርንጎ ልብስ በቀረ ጨርቅ የመጀመሪያውን የጨርቅ ማራገቢያ ሰፍተው ለውባለም ሰጧት፤ እሷም መጀመሪያ ያራገበችው ለእሳቸው ነው ይላሉ። ሁለቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው ምሳ አብረው ይበሉ ነበር።

ዛሬ ጦርነቱ ካበቃ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ብዙ ቤተሰብ ወደ አዳዲስ ዓለማት ሄዷል፤ ከሰገነት ክፍሎች ገሚሶቹ ተዘግተዋል። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ግን አዛውንቶቹ ነገሩን አይመረምሩም፤ ፊት ለፊት አስቀምጠዋቸው አንድ ማራገቢያ በመካከላቸው አኑረው ይወጣሉ። ማራገቢያውን ማን ቀድሞ አነሣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በር ላይ ቆመው የሚጠብቁት ከሁለቱ አንዱ ዓይኑን እስኪጨፍን ነው።