በጋሽ መርዕድ በር ላይ የሚያዝ ፍሬን

አንድ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። አስማረ ይባላል። የሚኖረው ከትልቅ ቁልቁለት አፋፍ ላይ በተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋን ጠዋት ጠዋት ከቆላው የሚወጣ ደመና ይሸፍናታል፤ ቤቱም ሰዉም መኪናውም በህልም እንደሚታይ ነገር ግማሹ ይታያል፣ ግማሹ አይታይም። አስማረ በየቀኑ በዚያ ደመና ውስጥ ሰው ጭኖ ወደ ቆላው ከተማ ይወርዳል፣ ማታ ደግሞ ሰው ጭኖ ይመለሳል።

ከከተማዋ መውጫ ላይ ጋሽ መርዕድ የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ ጋራዥ አላቸው። ሾፌሮቹ በበራቸው ሲያልፉ ክላክስ ነፍተው ሰላም አይሉም፤ አንዴ ረገጥ አድርገው ፍሬን ይይዛሉ። የከተማዋ ወግ ነው። ጋሽ መርዕድ በራቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ፍሬኑ ደህና ከሆነ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ሾፌሩም ይሄዳል። የፍሬኑ ሸራ ከሳሳ ግን ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ያን ጊዜ ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን ተሳፋሪውም ነገሩን ያውቃል። አንዳንዱ ያማትባል፣ አንዳንዱ ዘንቢሉን ይዞ ይወርዳል።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ጋሽ መርዕድ ለአስማረ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አዲስ ነገር አልነገሩትም። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ፍሬን በያዘ ቁጥር ከፊት ጎማው በኩል ቀጭን ጩኸት ይሰማው ነበር። ሙዚቃ ከፍቶ ሊሸፍነው ሞክሮ አልሆነለትም። ጋራዥ ቢገባ ሸራው እስኪቀየር የቀን ተራው ያመልጠዋል። ተራውስ ይለፍ፤ እሱን የከነከነው በሰው ፊት ባርኔጣ የተወለቀበት መሆኑ ነው። ቆላ ወርዶ መናኸሪያ ሲደርስ ደግሞ ጓደኞቹ «መኪናህ ማን ሞቶባት ነው እንዲህ የምታለቅሰው?» እያሉ ተሳሳቁበት። አብሯቸው ሳቀ።

ያንኑ ቀን እዚያው ቆላ አንድ የማያውቀው ጠጋኝ ዘንድ ሄደ።

«ይህን ጩኸት አጥፋልኝ» አለው።

«ሸራው ሳስቷል። መቀየር አለበት።»

«ስለ ሸራው አልጠየቅኩህም። ጩኸቱን አጥፋልኝ ነው ያልኩህ።»

ሰውየው ትከሻውን ሰበቀ። በሸራው ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታህል ስስ ብረት አለች። ሸራው ሲሳሳ ያቺ ብረት ከዲስኩ ጋር እየተነካካች ትጮኻለች፤ የተሠራችውም ለዚሁ ነው። ጠጋኙ በፒንሳ ቆርጦ ጣላት። ጩኸቱም ጠፋ።

በማግስቱ አስማረ በጋሽ መርዕድ በር ላይ ፍሬን ያዘ። ምንም አልተሰማም። ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። አስማረ ሸክም የወረደለት መሰለው። በደመናው ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ሲወርድ መኪናዋ መሬት የምትነካ አልመስልህ አለው። እንዲህ እያለ ዐሥር ቀን አለፈ። ፔዳሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጠለቀ መሄዱን እግሩ አውቆታል። እሱ ግን «እኔው ነኝ እንዲህ የሚመስለኝ» እያለ ራሱን አባበለ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ እሑድ ማለዳ፣ አስማረ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ፍሬን ሲይዝ ጋሽ መርዕድ እጃቸውን አነሱ። ከዚያ ከዱካቸው ተነሱና ወደ መኪናው መጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል።

«የልጄ ልጅ ዛሬ ቆላ ክርስትና ይነሳል» አሉ። «ሳምንቱን ሙሉ ስንት መኪና ሰምቼ አሳለፍኩ። ያንተው ፍሬን ድምፅ ንጹህ ስለሆነልኝ ነው የመረጥኩህ፤ አድርሰኝ ልጄ።»

አስማረም «ይግቡ ጋሼ» አለ። ገብተው ከኋላው ተቀመጡ።

መኪናው ደመናው ውስጥ ገባ። ሽማግሌው ወንበራቸውን ደገፍ አሉና፣ «መኪና ስሳፈር ዓይኔን እንጂ ጆሮዬን ጨፍኜ አላውቅም። ዛሬ ግን የምሰማው የለም፣ እስቲ ልተኛ» አሉ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

«ጉድ ነው፤ ጋሽ መርዕድ መኪና ውስጥ ሲተኙ አይቼ አላውቅም» አለች አጠገባቸው የተቀመጠች ሴትዮ፣ ጋቢውን ወደ ደረታቸው ሳብ እያደረገችላቸው።

አስማረ በመስታወቱ አያቸው። አፋቸውን ከፈት አድርገው እንደ ሕፃን ተኝተዋል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሜዳ አለ፤ ሾፌር ሁሉ ማርሽ የሚቀንሰው እዚያ ነው። ፔዳሉን ነካ አደረገው፤ ሰመጠ። ዛሬን ታደርሰኛለች አለ በልቡ። እንደገና ወደ መስታወቱ ቀና አለ። በጎኑ ያለው የገደል ጫፍ በደመና ተሸፍኖ አይታይም። እኚህ ሰው የተኙት እኔን አምነው ነው ብሎ አሰበ። በማርሽና በእጅ ፍሬን እየታገለ መኪናውን ሜዳው ላይ አቆመ። ወርዶ የኋላውን በር ከፈተና ሽማግሌውን ቀሰቀሳቸው።

«ደረስን?» አሉ።

«አልደረስንም ጋሼ። ሸራው አልቋል። ጩኸቱን ነው ያስጠፋሁት። ዐሥር ቀን ሙሉ ሳታልልዎ ከረምኩ።»

ተሳፋሪው አጉረመረመ፣ የተራገመም አለ። ጋሽ መርዕድ የመኪና ማንሻ ክሪክ አስመጥተው ጎማውን አስፈቱና ሸራውን አወጡ። ባዶ ብረት ሊሆን ወረቀት የምታህል ቀርታዋለች። አሁንም እንደሞቀ ነበር።

«ሸራ ሲሳሳ ይጮኻል፣ ሲያልቅ ይፋጫል፣ ከዚያ በኋላ መንገሪያ የለውም» አሉ። «እኔን ማታለልህ አያስቆጨኝም፤ ጆሮ ይታለላል። ግን ልጄ፣ ያ ጩኸት ለእኔ መስሎህ ነበር? አንተን እኮ ነበር የሚጣራው።»

እሑድ በመሆኑ ሌላ መኪና ሳይመጣ ረፈደ። ሁሉም ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ደመናው ጉልበታቸው ድረስ መጥቶ ይመለሳል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከታች፣ ከማይታየው ቆላ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል በስሱ ተሰማ። ጋሽ መርዕድ ብድግ ብለው ወደ ድምፁ ዞሩ።

«ይኸኔ ተጠመቀ» አሉ።

አስማረ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። ሽማግሌው ቀረብ ብለው እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ።

«አታልቅስ። እኔ ክርስትናው አመለጠኝ፤ ለልጁ ግን አያት ተረፈለት።»

ወዳጄ ሆይ፣ ሕይወታችን ውስጥም እየሳሳ የሚጮኽ ነገር አይጠፋም። አንዳንዴ የሚስት ነዝናዛነት ይመስለናል፣ አንዳንዴ የጓደኛ ምቀኝነት፣ አንዳንዴ ደግሞ እንቅልፍ የሚነሳን የገዛ ልባችን ነው። ጩኸቱ ስለሚያሳፍረን የሳሳውን ከመቀየር ይልቅ ጩኸቱን ቆርጠን እንጥላለን። ከዚያ ዝም ሲል ሰላም የሆነ ይመስለናል። መኪናችን ውስጥ ግን ብቻችንን አይደለንም።

እስቲ ዛሬ ወደ መስታወቱ ቀና ይበሉ፤ የእርስዎን ዝምታ አምኖ ከኋላ የተኛው ማን ነው?