ኳሷን ያዞረው ሻካራ ሣር

ተረቴ ኳስ ናት። «ትንከባለል!» በሉኝ እንጂ! እንዲያ ነው።

በአንድ የጎልፍ ሜዳ ወይዘሮ ውድነሽ የሚባሉ ሣር ተንከባካቢ ነበሩ። ባንዲራ የተተከለባትን ጉድጓድ የከበበውን ለስላሳ መደብ አሥራ አንድ ዓመት እንደ ልጅ አሳድገውታል። የሚፈልጉት ትንሽ ነገር ነበር፤ ኳሷ ቀጥ ብላ እንድትገባ። ዘንድሮ ግን መደቡ ላይ ሻካራ ሣር ተንሰራፋና ኳሷ እዚያ ስትደርስ ትዞር ጀመር።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሳህለ አዩና፣ «በወር ውስጥ ካልተስተካከለ መደቡን አስነቅዬ ፕላስቲክ አነጥፍበታለሁ» አሉ።

«እኔ ቆሜ? ወሩ ይተርፈኛል!» አሉ ወይዘሮ ውድነሽ። ወዲያውም ወደ መደቡ ወረዱ።

ኳሷን «ቀጥ ብለሽ ግቢ» አሏት። «ሻካራው ሣር እየገፋኝ? አልገባም» አለች።

ሣሩን «ተኛላት» አሉት። ቅጠሉ ሰፊ፣ መልኩ ገርጣ ያለ፣ አገዳው ደንዳና ነው፤ ከጎረቤቱ ከለስላሳው ጋር በምንም አይገናኝም። «ማጨጃው ሳያጭደኝ? አልተኛም» አለ። ሣሩ አይተኛ፣ ኳሷ አትገባ!

ማጨጃውን «እጨደው» አሉት። «ስለቴ ዶልዱሞ? አላጭድም» አለ። ማጨጃው አያጭድ፣ ሣሩ አይተኛ፣ ኳሷ አትገባ!

ሞረዱን «ስለቱን ሳልለት» አሉት። «ጋሽ ደቻሳ ሳያነሡኝ? አልስልም» አለ። ሞረዱ አይስል፣ ማጨጃው አያጭድ፣ ሣሩ አይተኛ፣ ኳሷ አትገባ!

ጋሽ ደቻሳ የሜዳውን መሣሪያ ስለት የሚስሉ ሰው ናቸው። ለበዓል የገዙት በግ ደጃፋቸው ላይ ታስሮ ይጮኻል። «ውድነሽ እህቴ፣ ራሴን አዞረው! እሱን ዝም ካላሰኘሽልኝ ሞረድ አላነሣም» አሉ። ጋሽ ደቻሳ አያነሡ፣ ሞረዱ አይስል፣ ማጨጃው አያጭድ፣ ሣሩ አይተኛ፣ ኳሷ አትገባ!

በጉን «ዝም በል» አሉት። «ባአ! ድርቆሽ ሰለቸኝ! ቅጠሉ ሰፋ ያለ ለጋ ሣር ካልበላሁ ዝም አልልም» አለ። በጉ ዝም አይል፣ ጋሽ ደቻሳ አያነሡ፣ ሞረዱ አይስል፣ ማጨጃው አያጭድ፣ ሣሩ አይተኛ፣ ኳሷ አትገባ!

ወይዘሮ ውድነሽ ቆም አሉ። ቅጠሉ ሰፋ ያለ? ያንን ሣር መደቡ ላይ ማን አመጣው?

«እኔው ነኝ!» አሉና ሣቁ። አምና ክረምት መደቡ ሲመለጥ፣ ሁሉም ሣር አረንጓዴ ነው ብለው ከሜዳው ዳር ቆርሰው የለጠፉት እሳቸው ናቸው። «ዘሩ ሌላ ነው፤ ሺህ ጊዜ ቢታጨድ ያው ነው!»

ዶማቸውን አንሥተው ሻካራውን ከነሥሩ ነቀሉ። በቦታው ከዚያው መደብ ጥግ ለስላሳውን ቆርሰው ተከሉ፤ አጠጡ። የነቀሉትን አራግፈው ለበጉ ሰጡት።

በጉ በላና ዝም አለ። በጉ ዝም ቢል፣ ጋሽ ደቻሳ ሞረዱን አነሡ፤ ሞረዱ ስለቱን ሳለ። በሃያኛው ቀን የተተከለው ለስላሳ ሣር ሥር ሰደደ፤ ማጨጃው አጨደው፣ ሣሩ ተኛ፣ ኳሷም ቀጥ ብላ፣ ውልፍት ሳትል፣ ገባች!

አቶ ሳህለ ጉድጓዷን ጎንበስ ብለው አዩ። «ያዘዝኩት ፕላስቲክስ?» አሉ።

«ለበጉ ይስጡት፤ ከበላልዎት!»

ተረቴም ጉድጓዷ ገባች። ባንዲራዋን መልሳችሁ ትከሉልኝ።