የቅጠሏ በር ጠባቂዎች

ተረት ተረት፤ የቅጠል ቤት።

በአንዲት የዋንዛ ቅጠል ላይ፣ ምግቧ የሆነው አየር በሚገባበት ትንሽ በር ግራና ቀኝ፣ ባልና ሚስት ዘበኞች ቆመው ነበር። በሩ የሚዘጋው ሁለቱ ሲተቃቀፉ ብቻ ነው። ባል ደግሞ እንግዳ መመለስ አይሆንለትም።

አንድ ቀን ጭስ በአቅራቢያው ካለ ጡብ ማቃጠያ እያሳለ መጣና፣ «ቤቶች፣ የአየር ዘመድ ነኝ» አለ።

«ይግባ እንጂ» አለ ባል።

ሚስት ግን ጎረቤት ቅጠል ይህንኑ ጭስ አስተናግዳ መድረቋን አይታለች። «አያ ጭስ፣ ዘመዱ ከሆንክ ምነው ያስልሃል?» አለችው።

ጭስ ሊመልስ ሲል ሳል አጣደፈው። ባል ውሸቱ ገብቶት እየሳቀ ሚስቱን አቀፈ፤ በሩም ግጥም አለ።

«ኧረ ራበኝ» አለች ቅጠሏ።

ቆየት ብሎ ነፋስ ጭሱን ጠርጎ ወሰደው። «በል ልቀቀኝ፤ ቅጠሏ ትብላ» አለች ሚስት።

ባል እያቅማማ ቀስ ብሎ ለቀቃት፤ ንጹሕ አየር ገባ። «ያ እንግዳ ግን» አለ፣ «ደግሞ መቼ ይመጣል?»

ተረቴን መልሱ፤ ንጹሕ አየር ተንፍሱ።