ዘጠነኛው ጭራ

አንድ የቦይ አለቃ፣ ቦዩ ተደርምሶ የሰው ማሳ በበላ ጊዜ፣ ወደ መምህሩ መጥቶ «የቆፈሩት ሌሎች ናቸው፤ እኔ ስለ ምን እጠየቃለሁ?» አላቸው። መምህሩም «ተቀመጥ» ብለው ይህን ነገሩት።

አንድ አዳኝ ነበረ። በጎሳው ሕግ፣ ጎሽን ማንም ይጣለው ማን፣ ገዳይ የሚባለው ቀድሞ ያደማው ሰው ነው። ጭራውን ክንዱ ላይ ያስራል፤ ዘጠኝ ጭራ ያሰረ ከሽማግሌዎች ጋር አጎዛ ላይ ይቀመጣል። ሕጉ ሌላም ወገን አለው፤ የቆሰለው ጎሽ ሰው ከጎዳ፣ ያደማው ሰው የተጎዳው ድኖ እስኪነሣ ድረስ ማሳውን ያርስለታል። በዚያ አገር ደግሞ እርፍ የጨበጠ አዳኝ የልጅ መሳቂያ ነው።

አዳኙ ስምንት ጭራ አስሯል። ክንዱ ብርቱ ነበር፤ ጉሮሮው ግን ከክንዱም ይበረታል። ከሩቅ ይወረውራል፤ ደም ሲያይ ዞሮ ወደ መንደር ይሮጥና ዘራፍ ይላል። የቆሰለውን አውሬ ጥሻ ለጥሻ ተከትሎ የሚጨርሰው ሌላ ነው። ለዚያኛው ሥጋ ይደርሰዋል፤ ስም የለውም።

በዘጠነኛውም እንዲሁ አደረገ። ጎሹ ጦሩን ታፋው ላይ እንደ ተሸከመ ጥሻ ገባ። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ፣ አዳኙም አጎዛውን እንጂ ጥሻውን አላሰበም። በማግሥቱ ቀፎውን ሊያይ የወረደ ማር ቆራጭ ከጎሹ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ፤ ጎሹም ጥሎ እግሩን ሰበረው። ዱካውን ሲከተል ያደረው ስም የለሹ ሰው ደርሶ ጎሹን ጣለው፤ ጦሩንም ነቅሎ ሽማግሌዎቹ ፊት አኖረው።

አዳኙ ጦሩን ገና ከሩቅ አወቀው። እጀታው ላይ ያሉትን ሦስት ክቦች በጋለ ብረት የተኮሰው ራሱ ነበር። አጎዛውን አየ። ማር ቆራጩንም ቃሬዛ ላይ አየው። ማረሱን ፈራ።

«የኔ ጦር አይደለም» አለ። «ይህን ምልክት ማንም ሊያበጀው ይችላል።»

ታላቁ ሽማግሌ ድምፃቸውን ሳያነሡ «ደግ ነው» አሉ። «እነዚያስ ስምንቱ? የተቆጠሩልህ በዚሁ ምልክት ነው። የማን ናቸው እንበል?»

ይህን ብለው ጭራዎቹን አንድ በአንድ ፈቱለት። የታሰሩበት ቆዳ ገርጥቶ ታየ። የማር ቆራጩን ማሳ ጎሹን የጣለው ሰው አረሰለት፤ የሳቀበትም አልነበረም።

መምህሩ ይህን ብለው ወደ አለቃው ዞሩ። «ውሃው በቦዩ መጀመሪያ መንደር የገባ ዕለት እልል የተባለው ለማን ነበር?»

«ለእኔ ነበረ፣ መምህር።»

«ያን ጊዜስ ‹የቆፈሩት ሌሎች ናቸው› ብለሃቸው ነበር?»

«አላልኋቸውም» አለ አለቃው።

«አዳኙ አንተ ነህ፤ ጦሩም ቦይህ ነው። መካድ ትችላለህ፤ ከካድህ ግን እልልታውንም አብረህ መልስ። አልመልስም ካልህ ተነሥና ማሳው ለተበላበት ሰው እርፍ ጨብጥ። የዘር ጊዜ ሊያልፍ ነው።»